በጉንጩ ላይ ያልነበረው ጠባሳ

ሴትዮዋ ሱቄ የገባችው ዓርብ ጠዋት ነው፤ የመስታወቱን በር ወልውዬ ገና ጨርቁን ከእጄ አላስቀመጥኩም። ልጅ አዝላለች፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል። ሰላምታ አላቀረበችልኝም። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ከመቀነቷ አወጣች፤ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው።

«ይኼን ፎቶ ያነሳሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

አየሁት። ኩታ የደረበ ሰው ፊት ነው። ግራ ጉንጩ ላይ፣ ከዓይኑ ሥር ጀምሮ እስከ አፉ ጥግ የሚወርድ ጥቁር ጠባሳ አለ። ፎቶው በብዙ እጅ ስላለፈ ደፍርሷል፤ ከላዩ ላይ በቀይ «ሌባ» ተብሎ ተጽፎበታል። ጽሑፉ የእኔ አይደለም። ፎቶውን ግን እኔው ነኝ ያነሳሁት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

«እንግዲያው ባሌን ያሳሰርሽው አንቺ ነሽ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሰቆጣ ውስጥ ትንሽ የፎቶና የኮፒ ሱቅ አለኝ። አባታችን የተወልንን አንድ ቤት ከወንድሜ ጋር ለሁለት ከፍለነው፣ እሱ በወዲያኛው በኩል ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል፣ እኔ በዚህኛው ኮፒ አደርጋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ። በገበያ ቀን ግን ካሜራዬንና አንድ ሰማያዊ ጨርቅ ይዤ ከብት ተራው በር ላይ እቆማለሁ። ከዝቋላም ከፃግብጂም ወረዳ የሚመጣው ገበሬ የመታወቂያ ፎቶ የሚነሳው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ዓርብ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ እዚያው በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ አንድ የዝቋላ ሽማግሌ ዳለቻ በሬ በገመድ ይዘው ወደ እኔ መጡ። የገዙት እዚያው አጠገቤ፣ ከበሩ ውጭ ነው። ሻጩ ቸኩሎ ነበር፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ሽያጩን ማስመዝገብ አልፈለገም። ሽማግሌው ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶባቸዋል፤ በሬውን ያዩት በዓይናቸው ሳይሆን በእጃቸው ነበር፤ ሻኛውን፣ ጎኑን፣ የእግሩን ጅማት ሁሉ ዳስሰውታል።

«ልጄ፣ ከነበሬዬ አንሺኝ» አሉኝ። «የእኔ ፊት ቢበላሽም ግዴለም። በሬው አምሮ ይውጣ እንጂ።»

ሳቅሁና አነሳኋቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳሁት። ሻጩ ከበሬው ቀንድ ጀርባ ነበር፤ ፊቱን ሊያዞር ሲል ካሜራው ቀደመው። ያኔ ልብ አላልኩትም። በሚቀጥለው ገበያ ፎቶውን በትልቁ ወረቀት አትሜ፣ ፍሬም ውስጥ አድርጌ ሰጠኋቸው፤ በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ የበሬው እውነተኛ ባለቤት ከፃግብጂ መጣ። በሬው የተሰረቀ ኖሯል። ሰውዬው ምልክቱን ተናገረ፣ የአገር ሽማግሌዎች አዩ፣ በሬውን ነድቶ ሄደ። የእርሻው ወቅት ደርሶ ሳለ ሽማግሌው አንድ በሬ ብቻ ይዘው ቀሩ። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ይህን የነገረኝ ወንድ ልጃቸው ነው፤ ሚስትና ልጆች ያሉት ጎልማሳ ነው፤ ንዴቱ ከአንገቱ ሥር ይታያል።

«አባቴን ስታነሺው ሻጩ እዚያው ነበር ይባላል። ምናልባት ፎቶው ውስጥ ገብቶ እንደሆነ እዪልኝ» አለኝ።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ገብቷል። ከቀንዱ ጀርባ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ፊት።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ ጥቂት መናገር አለብኝ፤ ጥፋቱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ካሜራዬ የሚያነሳው እያንዳንዱ ፎቶ ሰባት ስምንት ሜጋ ባይት ይሆናል። ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፤ ቦታ የለውም። ስለዚህ አትሜ ካስረከብኩ በኋላ የገበያውን ፎቶ ሁሉ በጅምላ አሳንሰዋለሁ። ጥራቱን ወደ ታች ስስበው ሰባት ሜጋ የነበረው ግማሽ ሜጋ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ በኋላ የካሜራውን ካርድ አጥፍቼ ለሚቀጥለው ገበያ እጠቀምበታለሁ። ከሩቅ ሲያዩት ፎቶው ያው ነው። ፕሮግራሙ ምስሉን በጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ይከፋፍልና በእያንዳንዷ ውስጥ ዓይን ልብ አይለውም ብሎ ያሰበውን ዝርዝር ይጥላል፤ የቀረውን ተቀራራቢ ቀለም ይቀባዋል። ለበሬ ጎን፣ ለሰማይ፣ ለግድግዳ ይህ ምንም አይደለም። ለትንሽ ፊት ግን የተጣለው ነገር ራሱ ፊቱ ነው። አንዴ የተጣለ ደግሞ አይመለስም።

ያን ቀን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ፊቱን ቆርጬ አወጣሁ፣ አጎላሁት። ልጁ በቴሌግራም ወደ ስልኩ እንድልክለት ፈለገ። ኔትወርኩ ደካማ ነበር፤ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ትቆማለች። እንደገና አሳነስኩት። አሁንም እምቢ አለ። እስከ መጨረሻው አሳነስኩትና ስልከው ወዲያው ሄደ። ደስ አለኝ። ልጁ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣

«ይኼ ጉንጩ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለኝ።

እኔም አየሁት። «ጠባሳ ይመስላል» አልኩት።

ያን ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ፎቶው ከልጁ ወደ ጓደኞቹ፣ ከጓደኞቹ ወደ ማላውቃቸው ሰዎች ሄደ። በተላከ ቁጥር ስልኩም በበኩሉ ያሳንሰዋል፤ ጠባሳው ግን ይበልጥ እየጠቆረ ሄደ። በዚያ ሳምንት ጽጽቃ ገበያ ላይ ልጁና ጓደኞቹ ግራ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት አንድ የፍየል ነጋዴ ያዙ። ደበደቡት። ፖሊስ ከእጃቸው አውጥቶ ወደ ሰቆጣ ላከው። ወሬው ሲደርስ ሰው እየመጣ «ሌባው በአንቺ ፎቶ ተያዘ» አለኝ። ወንድሜ ለስላሳ ከፈተልኝ። ጠጣሁት።

አሁን የዚያ ሰው ሚስት ፊቴ ቆማለች።

«ባሌ በሬ ሽጦ አያውቅም» አለች። አማርኛዋ የአካባቢው ቋንቋ የኽምጣና ቅላጼ አለው፤ ቃላቱን እየመረጠች ነው የምትናገረው። «ጠባሳው ልጅ ሳለ አህያ ረግጦት ነው። ያን ገበያ ዕለት እኔ አራስ ነበርኩ፤ ከአጠገቤ አልራቀም። ይኼን ስናገር ሚስት ስለሆንኩ ማንም አይሰማኝም። አንቺ ግን ያየሽ ነሽ። ያየሽው ሰው ይኼ ጠባሳ ነበረው?»

አላስታውስም ነበር። ዓይኔን ከሷ ላይ ለማንሳት ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። በቴሌግራም ያልሄደውን፣ እኔ ጋ የቀረውን ፎቶ አወጣሁና ጉንጩን አጎላሁት። ጠባሳው ተሰባበረ። መስመር አልነበረም፤ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ደረጃ የተደረደሩ ጥቁር አራት ማዕዘኖች ነበሩ። የሰው ቁስል እንዲህ በደረጃ አይድንም። የካሜራውን ካርድ አወጣሁ፤ ሁለት ገበያ ተነስቶበታል፣ ከዚያ ቀን ምንም አልቀረም።

«ምን አገኘሽ?» አለችኝ።

«እኔ ሳልሆን አልቀርም ጠባሳውን የሠራሁት» አልኳት።

አልገባትም። እንዴት ይግባት? አብረን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መርማሪው ጠና ያሉ፣ የሚያዳምጡ ሰው ናቸው። ስለ አራት ማዕዘኖቹ ስነግራቸው አላቋረጡኝም። ከጨረስኩ በኋላ መዝገቡን ገለጡ።

«እዚህ ላይ፣ ፎቶ አንሺዋ ራሷ ጠባሳ ነው ብላኛለች የሚል የሽማግሌው ልጅ ቃል አለ። ሽማግሌውም ፎቶው ላይ ያለው እሱ ነው ብለው ፈርመዋል።»

«እሳቸው እኮ በደንብ አያዩም።»

«አውቃለሁ። ግን አሁን ያለኝ ይኼ ነው። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ዋናውን ፎቶ አምጪልኝና አብረን እንየው።»

«ዋናው የለም» ልላቸው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ነበር። ከማሳነሴ በፊት ያተምኩት ወረቀት ዝቋላ ገጠር ውስጥ፣ በሽማግሌው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ወንድሜ ሲሰማ ተቆጣ። «የሽማግሌው ልጅ ሰው የደበደበ ነው። ቤቱ ሄደሽ ሌባህ ሌባ አይደለም ልትይው ነው? ስልክ ደውይላቸው።»

«ብደውል ፎቶውን ያጠፉታል። ሳላየው መቅረት የለብኝም።»

ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «እኔም እሄዳለሁ» አለች።

«አንቺ ቅሪ፤ ቢያውቁሽ አደጋ አለው» አልኳት።

«ዓይኔ ሳያይ አላምንሽም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ጽጽቃ ደረስን፤ ከዚያ በእግር። መንገዱ ይወርዳል፣ ደረቅ ወንዝ ይሻገራል፣ እንደገና ይወጣል። ማሽላው ገና አልተዘራም፤ ማሳው ሁሉ ድንጋይ ብቻ ነው የሚመስለው። ሦስት ሰዓት ያህል ስንሄድ ከአሥር ቃል በላይ አልተነጋገርንም። አንድ ቦታ ላይ ልጇን ስታጠባ ተቀምጠን፣

«ወረቀቱ ላይም ጠባሳ ካለውስ?» አልኳት። ፍርሃቴን መያዝ አቅቶኝ ነው።

«እንግዲያው ባሌ ዋሽቶኛል» አለችና ልጇን መልሳ አዘለች።

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። በድምፄ አወቁኝ። ስለ ሱቁ፣ ስለ ወንድሜ፣ ስለ ከተማው ሰላም ጠየቁኝ፤ «ይህችስ?» ሲሉ «አብራኝ የመጣች እህት ናት» አልኩ። ሴት ልጃቸው ጠላ አልጠጣም ስላልኩ ለእኔ ወተት፣ ለሷ በሽክና ጠላ አመጣች። ሴትዮዋ ጠላውን ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ልጅቷ ጠጪ አለቻት። አልጠጣችም። ቆሎ ቀረበ። አልነካችም። ሽማግሌው የሽክናውን ድምፅ ጠብቀው ሳይሰሙ ሲቀሩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ከቤቴ የማይቀመስ ምን አድርጌ ነው?» አሉ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሷ ዞረው።

በኽምጣና መለሰችላቸው። ገበያ ላይ የሚበቃኝን ያህል እሰማለሁ። «እርስዎ ያሳሰሩት ሰው ባሌ ነው። የዚህ ልጅ አባት ነው» አለቻቸው።

ልጅቷ ቆማ ቀረች። ይሄኔ ነው እኔ የተናገርኩት። ፎቶውን ቦታ እንዳይዝብኝ ብዬ እንዳሳነስኩት፣ ሳሳንሰው ፊቱ እንደተበላሸ፣ ጠባሳ ነው ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ሁሉንም።

«አባቴ፣ ስህተቱ የእኔ ነው። ግድግዳዎ ላይ ያለው ግን አልተበላሸም። እስኪ ይታይ።»

«እኔ አላይም» አሉ። «ጠባሳ አለው ያለኝ ልጄ ነው። ልጄ ደግሞ ከስልኩ አየ።» ወደ ቤቱ ዞረውም ሴት ልጃቸውን «አውርጂው» አሏት።

ፍሬሙን አወረደችና ወደ በሩ ብርሃን ይዛው ወጣች። እኔ አጉሊ መነጽር ይዤ ነበር፤ ሰጠኋት። ቀድሜ ለማየት ብፈልግም እጄን ያዝኩ። ቀድማ ማየት ያለባት እሷ ናት፤ እኔ ነገርኳት እንዳይባል። ሴትዮዋ ከኋላዋ ቆመች።

ልጅቷ ረጅም ጊዜ አየች።

«ጠባሳ የለውም» አለች። «የኩታው ዘርፍ ነው። ክሩ ጉንጩ ላይ ወርዶ ጥላ ጥሎበታል። ከሥሩ ቆዳው ይታያል፤ ለስላሳ ነው። ጆሮውም ቀጫጫ ነው፤ የታሰረው ሰውዬ ጆሮው ሰፊ ነው ብሏል ወንድሜ።»

ተቀብዬ አየሁት። እንዳለችው ነው። እያንዳንዷ ክር ለብቻዋ ትታያለች።

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ልጇን ከጀርባዋ አወረደችና አቀፈችው።

ከቤቱ ጀርባ የእግር ኮቴ ሰማን። የሽማግሌው ወንድ ልጅ ነበር፤ ሞፈር ተሸክሟል። እኔን አየ፣ ፍሬሙን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። ጽጽቃ ገበያ ላይ ባሏን ሲደበድቡት አይቷት ኖሯል፤ ወዲያው አወቃት። ሞፈሩን ጥሎ ወደ እኔ መጣ።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ? ልታስፈቺው ነው?»

«እሱ አይደለም። እህትህ አይታዋለች።»

«አንቺ አይደለሽ ጠባሳ ነው ያልሽኝ? በዚያ ቃልሽ እኔ ሰው መታሁ! አሁን ደግሞ አይደለም? የአባቴን በሬ ማን ሊመልስ ነው?» እጁን ወደ ፍሬሙ ሰደደ። እኔ ደረቴ ላይ አጣበቅሁት። መስታወቱ ሲሰነጠቅ ተሰማኝ፤ አልለቀቅሁም። የእጁ ኃይል እስከ ትከሻዬ ተሰማኝ፤ ወንድሜ ያለው ትዝ አለኝ።

«ተው!» አሉ ሽማግሌው። ተነስተው ነበር። በዱላቸው እየዳሰሱ መጥተው መካከላችን ቆሙ። «በሬዬ ሄዷል። ሌላ ሰው ስላሰርክ አይመለስም።»

«አባቴ፣ ፈርመሃል እኮ። ውሸታም ይሉሃል።»

«ይበሉኝ። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። ይኼ ውሸት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?»

ልጁ ፍሬሙን ለቀቀ። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና ሁለት እጆቹን መሬት ላይ አደረገ። ድንገት በጣም የደከመው መሰለኝ።

ሽማግሌው እሑድ ጠዋት አብረውን እንደሚሄዱ ነገሩን፤ ያን ዕለት መሽቶ ስለነበር መኪና አይገኝም። ሴትዮዋ በዚያ ቤት ማደር አልፈለገችም። ጎረቤት አደርን። ፍሬሙን ከፊቴ አልለየሁትም። ሴትዮዋም እኔን ከፊቷ አልለየችኝም።

ሰኞ መርማሪው ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን አዩ፤ እስረኛውን አስጠርተው ወረቀቱን ከፊቱ ጋር አስተያዩት። እኔም ያኔ ሰውዬውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ከንፈሩ አብጦ ነበር፤ የፊት ጥርሱ የለም። ጠባሳው ጠይም፣ ጠፍጣፋ፣ አሮጌ ነው። በእኔ ፎቶ ላይ ያለውን አይመስልም። ሽማግሌው ሰውዬው ወደቆመበት ዞረው «አላየሁህም ነበር፤ አየሁ አልኩ» አሉት። መርማሪው ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተነጋግረው ጉዳዩ በማግስቱ ተዘጋ፤ ሰውዬው ወጣ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በአገር ሽማግሌዎች ታየ። የሽማግሌው ልጅ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። እኔም ልሸከም ብዬ ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። የፍየል ነጋዴው አስቆመኝ።

«ድንጋይ አልፈልግም» አለኝ። «ፎቶውን አጥፊልኝ።»

«ከእኔ ጋ አጥፍቼዋለሁ።»

«ከሰው ስልክስ?»

ሱቄ የሚመጣውን ሁሉ ስልኩን እያስከፈትኩ አስጠፍቻለሁ። ያቺ ሃምሳ ኪሎ ባይት የማትሞላ ፎቶ ግን ቀላል ስለሆነች የትም ትደርሳለች፤ ጥርት ያለው፣ ከባዱ ግን አንድ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው። ያን ወረቀት በተቻለኝ ጥራት በካሜራ አነሳሁትና ከሥሩ ነገሩን ጽፌ በቴሌግራም ለቀቅሁት። ኔትወርኩ ባለበት ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጅቶ ሄደ። ስንት ሰው እንደከፈተው አላውቅም።

በሬውን የሸጠው ሰው እስካሁን አልተያዘም። ሽማግሌው ያን ዓመት የጎረቤት በሬ ተውሰው አረሱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። የፍየል ነጋዴው ነበር። ከዚያ በፊት ደውሎልኝ አያውቅም። ከኋላው የሰው ጫጫታና የፍየል ጩኸት ይሰማል። ሌላ ወረዳ ገበያ ላይ ነው፤ ሦስት ሰዎች አቁመውታል፤ አንደኛው ፎቶውን ስልኩ ላይ ይዟል። ሲፈታ ከፖሊስ ጣቢያው የተሰጠውን ደብዳቤ አሳይቷቸዋል፤ የፈጠርከው ነው ብለውታል።

«ያነሳችውን አናግሩ ብያቸዋለሁ» አለኝ። «ንገሪያቸው።»

አንድ የማላውቀው ወንድ ስልኩን ተቀበለው። ሱቅ ውስጥ ኮፒ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ወደ ውጭ ወጣሁ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ በሬውን፣ ኔትወርኩን፣ ኩታውን፣ ወረቀቱን። ሰውዬው አዳመጠና፣

«ታዲያ እዚህ የማየው ጠባሳ ከየት መጣ?» አለኝ።

«ከእኔ ነው የመጣው። እንዲሄድልኝ ብዬ አሳነስኩት፤ ሳሳንሰው ጥላው ጠባሳ ሆነ። ስልኩን ወደ ዓይንህ አስጠግተህ ጉንጩን አጉላው። ደረጃ ደረጃ እየሠራ ነው?»

ፍየሎቹ ይጮኻሉ።

«አዎ፣ ደረጃ ይመስላል» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብሎ ለሌሎቹ የሆነ ነገር ሲናገር ሰማሁ።

ስልኩ ወደ ነጋዴው ተመለሰ።

«ለቀቁህ?» አልኩት።

«ለቀውኛል» አለ። «በይ፣ ፍየሎቼ ሳይበተኑ ልሂድ።» ዘጋው።